ልጣጭና ኩርፊያ

ሰኞ 3

ጉንፋኑ ለቀቀኝ። አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ከረምኩና ዛሬ ግድግዳ እየተደገፍኩ ወደ ሥራ ቤት ወረድኩ። ባለቤቴ «አንድ ቀን ጨምሪበት» ብሎ ለምኖኝ ነበር። ከአውቶቡስ ሥራው መልስ ሾርባ እየሠራ ሲያጠጣኝ ነው የሰነበተው። ደግ ሰው ነው፤ ግን እግዜር ይስጠውና ሾርባው ሙቅ ውሃ ነው። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ። «ጣፈጠሽ?» ይለኛል። «እጅህ ይባረክ» እለዋለሁ። ምን ልበለው?

ይህ ትእዛዝ እስኪያልቅ ድረስ፣ በየቀኑ ባይሆንም፣ ልጽፍ አስቤአለሁ። ነገር ሲበዛብኝ ወረቀት ላይ ካላፈሰስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትእዛዙ የባለ ችግኟ ነው። ከከተማው ዳር ችግኝ የምታፈላ ሴት ናት። ችግኞቿን የምታሳድገው በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ነበር፤ ተከላ ሲመጣ ላስቲኩ ተቀዶ ይጣላል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል። እኛ የምንሠራላት ግን ከብርቱካንና ከማንጎ ልጣጭ ነው። ችግኙ ከነከረጢቱ ጉድጓድ ይገባል፣ ከረጢቱም እዚያው አፈር ሆኖ ይቀራል። ናሙናውን ይዘንላት የሄድን ቀን ሁለት እጇን ከትታ ስባ ስባ አልቀደድ ሲላት፣ «ይሄስ ከእኔ ትዳር ይጠነክራል» አለች። በሚመጣው ወር ሃያ፣ ተከላው ሲጀመር፣ ሙሉውን ልናስረክባት ነው።

መሐንዲሱ ብቻውን ሲለፋ ከርሟል። እኔና እሱ የምንተዋወቀው ከጭማቂ ፋብሪካው ነው፤ እሱ ማሽን ይጠግን ነበር። እኔን እዚያ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ «አፍንጫ» ነበር የምባለው። «አፍንጫን ጥሯት!» ይባላል፤ በርሜሉ ይከፈታል፤ ጎንበስ ብዬ አንዴ እስብና «ይለፍ» ወይም «ይደፋ» እላለሁ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ከእኔ ቃል በኋላ ቃል አልነበረውም። ፋብሪካው ሲዘጋ ሁላችንም ያለንን ይዘን ወጣን፤ እሱ መፍቻዎቹን፣ እኔ አፍንጫዬን። ስለዚህ ልጣጭ የምመርጠው እኔ ነኝ። የቀረው፣ ቅቅሉም፣ መፍጫውም፣ ማድረቂያውም፣ የእሱ ነው።

ረቡዕ 5

ጠዋት ልጣጩ ከጭማቂ ቤቶቹ መጣ። መሐንዲሱ አንዱን በርሜል ከፍቶ ፊቱን አዞረ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ትንሽ አልቆየም?»

ጎንበስ ብዬ ሳብኩ። ንጹሕ ነው። «ይለፍ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አፍንጫዬን ልታስተምረው ነው እንዴ?»

በርሜሉን ወደ መቀቀያው ገፋው። በዕድሜ ብዙ ታናሼ ነው፤ በተከፋ ቁጥር አክብሮቱ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ «እርስዎ እንዳሉ»፣ «እርስዎ እንደፈቀዱ» ሲለኝ ዋለ።

ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ወረደች። እኛ የምንኖረው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ሥራ ቤታችን ምድር ቤቱ፤ እሷ መሃል ሆና «ከላይም እናንተ፣ ከታችም እናንተ» እያለች ትኖራለች። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ፣ «ምን እየቀቀላችሁ ነው? የሙሽራ ልብስ ሰቅያለሁ እኮ!» አለች።

«ብርቱካን።»

«ብርቱካን እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች። ሰው ሲሠራ ማየት ዓይኑን የሚቆረቁረው ሰው አለ።

ቅዳሜ 8

ከሸፈ።

ከልጣጩ አፍስሰን ያደረቅነውን ሉህ ከትሪው ስናነሳው እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮታኮተ። መጠኑ ያው፣ ኮምጣጤው ያው፣ ግሊሰሪኑ ያው፣ ሙቀቱ ያው። የተረፈውም አይጥ የቃመው ይመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። መሐንዲሱ ማድረቂያ ሳጥኑን ፈታታው፣ መልሶ ገጣጠመው። ምንም አላገኘም። እኔ ታምሜ ሳለ ብቻውን የሠራው ሉህ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጎተትኩት፣ ተንጠለጠልኩበት ማለት ይቻላል። ንቅንቅ አላለም።

እንዴት ነው ነገሩ? እኔ የሌለሁበት ደኅና ሆኖ እኔ ያለሁበት ይበላሻል?

ይህን መልሼ ሳነበው አልወደድኩትም።

እሑድ 9

ምሳ እኔ ሠራሁ። ባለቤቴ አንድ ማንኪያ ቀመሰና ውሃ ጠጣ። ሌላ ማንኪያ፣ ሌላ ውሃ።

«ጨው በዛ?»

«ኧረ ደኅና ነው» አለ፤ ማሰሮውን ግን ጨረሰው። ለእኔ ጭራሽ ጨው ያለበትም አልመሰለኝ። ሰሞኑን የምበላው ሁሉ ገለባ ገለባ ይለኛል። ጭንቀት ነው። ሐሳብ የያዘውን ሰው ማር ቢያልሱት እሬት ነው።

ከዚያ መስኮቶቹን ሁሉ ከፋፈተ። ብርድ ነው አልኩት። «ትንሽ አየር ይግባ» አለ። ልብሱንም ራሱ አጠበ። ከተጋባን ጀምሮ ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ ሰውዬ!

ማክሰኞ 11

ችኮላ ላይ ነኝ። ሁለተኛው ቅቅል ተጥዷል። ልጣጩን ደጋግሜ አሸተትኩት። ንጹሕ።

ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ላይ ያዘችኝ። «ባልሽ ምን ሆኗል? ዛሬ ጠዋት ሲወርድ ሽቶው ደረጃውን ሞልቶት ነበር። ሚስት ሊያገባ ነው እንዴ አልኩ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

የምን ሽቶ? አንድ አልጋ ላይ አድረን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለብሰን ነው የወጣነው። እኔ ዘንድ ሽቶ አልነበረም። አፍንጫ የምትባል ሴት ባሏ ሽቶ ተቀብቶ አያልፋትም። ስለዚህ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው የተቀባው። ደረጃ ላይ፣ ተደብቆ።

ለማን?

ሐሙስ 13

ሁለተኛውም ከሸፈ። እንዲያውም ሻገተ።

ዓርብ 14

ዛሬ ብዙ ካልጻፍኩ ጭንቅላቴ ይፈነዳል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ልጣጭ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ ይጠለላል፤ ስታርችና ኮምጣጤና ግሊሰሪን ይገባበታል፤ ትሪ ላይ ይፈሳል፣ ይደርቃል። ቅጠላ ቅጠል የመቀቀል ያህል ቀላል ነው። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ልጣጩ ትኩስ መሆን አለበት። መፍላት ከጀመረ የሚያያይዘው ነገር ተበልቶ ያልቅና ሉሁ አጥንት አይኖረውም። እኔ ያለሁት ለዚህ ነው። ትኩስ እንደሆነ ደግሞ በገዛ አፍንጫዬ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የልጣጩ አይደለም። የልጣጩ ካልሆነ የውሃው ነው፤ ውሃው ያው የቧንቧ ውሃ ነው። የውሃው ካልሆነ የሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱን መሐንዲሱ ፈትሿል። ማን ቀረ? መሐንዲሱ ራሱ።

ይህን ማሰቤ ያሳፍረኛል። ያ ልጅ እኔ ታምሜ ሳለ የእኔን ሥራ ደርቦ ሠርቷል። ግን ዛሬ ከሰዓት ጓሮ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ልሰልል አይደለም፤ ባልዲ ልደፋ ወጥቼ ነው።

«በምን አንደበቴ ልንገራት?» ይላል። «ባልየውም ያውቃል መሰለኝ። ግን እሱም ዝም ብሏል።»

ሲያየኝ ስልኩን ዘጋው። «እናቴ ናት» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ባለቤቴ የሚያውቀው ምንድን ነው? ስለ ሽቶው ይሆን? ሴትየዋን መሐንዲሱ ያውቃታል ማለት ነው? ወይስ መሐንዲሱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው፣ ባለቤቴም ሰምቷል? ወይስ ሁለቱም? ሁለት ክር ተተብትቦብኝ ጫፉ ጠፋኝ።

ባለቤቴ አሁን ጎኔ ተኝቷል። ቀስ ብዬ አንገቱን አሸተትኩት። ምንም። የሳሙና እንኳ የለም። እንዲህ አድርጎ ራሱን አጥቦ የሚመጣ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።

ሰኞ 17

ደረስኩበት! ኮምጣጤው ነው።

መሐንዲሱ አዲስ ጄሪካን ገዝቶ መጣ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ እንጂ ሽታ የሚባል ነገር የለውም። ኮምጣጤ በሩቁ ያየው ውሃ ነው።

«ከየት ነው የገዛኸው?»

«ከዱሮው ቦታ ነው እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ውሃ ሆነ?»

ተቀበለኝና ጄሪካኑ ላይ አጎነበሰ። ወዲያው አስሳለው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄ ነው ውሃ?» አለኝ። ትክ ብዬ አየሁት። ተዋናይ ቢሆን ይዋጣለት ነበር።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እስቲ ረጋ ብለው ደግመው ያሽቱት።»

«ደግሜም ሠልሼም አሽትቻለሁ። አንተ ሱሪ ሳትታጠቅ ጀምሮ ነው የማሸተው።»

«እኔ የምለው... ምናልባት ጉንፋኑ...»

«ጉንፋኑ ለቆኛል! ወሬ አታስቀይር። የተሻለ ነገር አግኝተህ ከሆነ ንገረኝና ሂድ። ውሃ ገዝተህ የቀረውን ገንዘብ ኪስህ እየከተትክ ሥራዬን አታበላሽብኝ። ሌብነት አላስተማርኩህም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልመልሰው ብል የት ላገኘው?

መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለለ። አልቸኮለም። በር ላይ ቆሞ፣ «እርስዎ ደኅና ይሁኑ» አለኝ። እርስዎ የምትለዋን ጠበቅ አደረጋት። ሄደ።

ልክ ነበርኩ። ልክ ነበርኩ አይደል?

ረቡዕ 19

ብቻዬን ነኝ። መቀቀል፣ መፍጨት፣ ማፍሰስ። ወገቤ ተቆረጠ። ይህኛው ሉህ ግን ከቀደሙት ይሻላል፤ ቢያንስ አልተሰነጠቀም። በካውያ እያጣበቅኩ ከረጢት አደረግኩት። ነገ ለባለ ችግኟ እልክላታለሁ። የሠራሁት በዚያው በእሱ ኮምጣጤ ነው፤ ሌላ አልነበረኝም። እንዴት እንደያዘ አልገባኝም።

ባለቤቴ «መሐንዲሱ የት ሄደ?» አለኝ።

«አንተ አታውቅም?»

ግራ ገባው። ወይም ግራ የገባው መሰለ።

ቅዳሜ 22

ባለ ችግኟ ደወለች። ሰላምታም የለ።

«እህቴ፣ ከረጢት ነው የላክሽልኝ ወይስ ሬሳ?»

ሠራተኞቿ አፈር የሚሞሉበት አፍንጫቸውን ይዘው ነው። የግቢው ውሾች ችግኙን እየነቀሉ ከረጢቱን ይጎትታሉ። ገሚሱ ውሃ ሲነካው ብትንትን ብሏል። «ናሙናው እንዲህ አልነበረም እኮ። ምን ነካችሁ?»

«ብርቱካን ብቻ ነው ያለበት» አልኳት።

«ብርቱካን ሰምቶ ይክሰስሽ!» አለች። ቀጥሎ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ግማሹን ጥቁር ላስቲክ አዝዣለሁ። ምን ላድርግ፣ ችግኝ አይጠብቀኝም። የቀረውን ግማሽ እስከ ሃያ ካመጣሽ አመጣሽ። ካላመጣሽም አልቀየምሽም፤ ግን ሁለተኛ አልሞክረውም።»

ሰው ሁሉ ሽታ፣ ሽታ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሽታ፣ ባለ ችግኟ ሽታ፣ ባለቤቴ መስኮት። ተማክረው ነው? ከሁሉም የተሻለ አፍንጫ ያለኝ እኔ ነኝ። እኔን ያልሸተተኝን እነሱ ከየት አመጡት?

አንድ ነገር ልጽፍ ነበር። ተውኩት።

ሰኞ 24

ማድረቂያው እየሠራ ነው። የኋላውን ክፍል በር ዘግቼ፣ የውጭውንም ቆልፌ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ዛሬ ሙቀቱን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ቶሎ ከደረቀ አይሻግትም ብዬ ነው። ጸጥታው ደስ ይላል። እውነት ለመናገር የመሐንዲሱ ፉጨት ናፍቆኛል፤ ሲሠራ ያፏጭ ነበር፣ ያውም ዜማው የተበላሸ። ያን ቃል ባልተናገርኩ። ግን ደግሞ ኮምጣጤው

ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ላይ ትጮሃለች። ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች? መንደሩን ልትሰበስብ ነው። ይሄኔ «ሸተተኝ» ልትል ነው፤ አልከፍትላትም። በሩን በምን እየደ

ማክሰኞ 25

ማድረቂያ ሳጥኑ ተቃጠለ። ሳጥኑም፣ ትሪዎቹም፣ የኋላው ክፍል ግድግዳም። ሰው አልሞተም። የእኔ እጅ ትንሽ ተለብልቧል።

በሩን የሰበረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ያቺ ክር የምታህል ሴት! የኋላውን ክፍል ስትከፍተው ጢሱ እንደ ጎርፍ ወጣ። ደረጃውን እንደ ድመት ወጥታ ወረደች፤ ለሙሽራ የሰፋችውን ነጭ ጨርቅ በሙሉ ውሃ ነክራ እሳቱ ላይ ጣለችው። ሲጠፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ጀመር። «እንዴት ተቀመጥሽ?» ትለኛለች እየሳለች። «ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ታፈንኩ እኮ! አንቺ እዚሁ አጠገቡ ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ?»

የጠቆረውን ጨርቋን ከወለሉ ለቀምኩላት።

ባለቤቴ አውቶቡሱን ለሌላ ሾፌር ትቶ መጣ። እጄን አሰረልኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «ዛሬ ጠዋት ምን ምን ሸተትኩሽ?» አለኝ።

ሊናዘዝ ነው አልኩ በልቤ። በዚህ ቀን!

«ሽቶህን ነው? ሰው ሁሉ ነግሮኛል። ማናት?»

«ማን ማናት?»

«የምትቀባላት!»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣ።

«ላንቺ ነው የምቀባው» አለ። «ከጉንፋኑ ከተነሳሽ ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉርሽን ስታበጥሪ፣ ከኋላሽ ቆሜ። አንድ ቀን ትራስሽ ላይ ረጨሁት፤ ዞረሽ ተኛሽበት። አንድ ቀን መዳፌን አርሼ እጅሽን ያዝኩሽ፤ ‹ምን ታሻሸኛለህ› ብለሽ ሳቅሽብኝ። አንዴ ‹ይሄ ሽቶ ከበደ› ብትዪኝ ብዬ ነው። ተሳፋሪው ራሱ ሸሽቶኝ አልቋል። ልብሴ በልጣጩ ሲሸት ከረመ፣ አሁን ደግሞ በሽቶው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

የተረፈውን ፋሻ ጠቀለለ። አላወቅኩም ነበር ልለው ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ትራሴ፣ ሾርባው፣ ጨው የበዛበት ምሳ... አላወቅኩም ነበር ወይ?

«ስምሽ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስምሽ ጠፋ ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

ረቡዕ 26

ባለቤቴ ከወጣ በኋላ ብቻዬን ሞከርኩ። ሳሙና፣ ምንም። ኮምጣጤ፣ መቆንጠጥ ብቻ። ሽንኩርት ከተፍኩ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የእኔ ዓይን ለብቻው ሲያለቅስ አፍንጫዬ ለለቅሶ ደራሽነት እንኳ አልመጣም።

ወደ ሥራ ቤት ወረድኩና ከእሳቱ የተረፈውን የልጣጭ በርሜል ከፈትኩ። በዓይኔ አየሁት። አረፋ ደፍቋል፣ ትንኝ ወሮታል፣ ጣቴን ስሰድበት ያሟልጫል። ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነው። እኔ እንዴት አላየሁትም? አፍንጫዬ «ንጹሕ ነው» ስላለኝ ዓይኔን አላመንኩትም። አሁን ሳስበው ግን አፍንጫዬ ንጹሕ ነው ብሎኝ አያውቅም። ምንም ነው ያለኝ። ምንምን ንጹሕ ብዬ የተረጎምኩት እኔው ነኝ።

ያ ልጅ ጄሪካኑ ላይ አጎንብሶ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ታየኝ። ተዋናይ ብዬ ጻፍኩበት።

ዓርብ 28

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በባትሪ መብራት ውስጡን እያየ፣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። «አፍንጫ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ጉንፋን አንዳንዴ የማሽተቻውን ነርቭ ይጎዳል አለ።

«ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።»

ይችላል፣ ይችላል። እኔስ በርሜል ላይ እንዲህ ብል ኖሮ በማግሥቱ ያባርሩኝ ነበር። የማውቃቸውን ነገሮች ጠዋትና ማታ እያሸተትኩ እንዳስታውሳቸው አዘዘኝ። የማይሸተኝን ማሽተት! ለጸሎት ይቀርባል እንጂ ሕክምና አይመስልም።

መንገድ ላይ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። ሽቶ ተቀብቷል አልተቀባም፣ አልጠየቅኩትም።

እሑድ 30

መሐንዲሱ ቤት ሄድኩ። እናቱ ከፈቱልኝና በእጃቸው ወደ በረንዳው አመለከቱኝ። የሰው ፍሪጅ ገልብጦ ይጠግናል። ቀና ብሎ አይቶኝ መልሶ አጎነበሰ።

«ኮምጣጤው ኮምጣጤ ነበር» አልኩት፣ ሳልቀመጥ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ ያልሸተተኝ። ምንም አይሸተኝም። ከጉንፋኑ ጀምሮ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «እሱንም ጠርጥሬ ነበር እትዬ። ስንት ጊዜ አፌ ላይ አድርሼ መለስኩት። ለእርስዎ ማን ደፍሮ ይነግራል?»

«ሌባ አደረግኩህ።»

«አዎ» አለ። አላቃለለልኝም። ደግ አደረገ።

«ይቅር በለኝ።»

ብሎኑን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ። እናቱ ከውስጥ ሆነው፣ «በል ይቅር በላት! ኩርፊያህ ያንን ፍሪጅ ያስንቃል፤ ቤቱን አበረድከው!» አሉ። ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«እመለሳለሁ» አለ። «ግን ከእንግዲህ ልጣጭ በአፍንጫ አይመረጥም። በእርስዎም፣ በእኔም።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ 4

መሐንዲሱ ከተጣለ ፍሪጅ ቀፎ ማድረቂያ ሠራ። ውስጡን በቆርቆሮ ለበጠው፣ ማሞቂያና ማራገቢያ ገጠመለት። እያፏጨ ነው የሚሠራው።

አሲድ የሚለካ ወረቀትም ገዝቶ መጥቷል። ጫፉን የልጣጩ ውሃ ውስጥ ነከር ሲያደርጉት ቀለሙ ይለወጣል፤ በጣም ከቀላ ልጣጩ አልፎበታል ማለት ነው። ደግሞ ሕግ አወጣን፤ የመጣ ልጣጭ በመጣበት ቀን ይቀቀላል፣ አያድርም። ወረቀቱን የምነክረው እኔ ነኝ። ለአሥራ ስምንት ዓመት የተከበርኩበትን ሥራ ከጣቴ የምታንስ ወረቀት ስትሠራው ቆሜ አየሁ። መሐንዲሱ ዞር ብሎልኝ ነበር። ያላየ መስሎ።

ለልብስ ሰፊዋ ነጭ ጨርቅ ገዝቼ ወጣሁላት። ተቀበለችኝ፤ በብርሃን አገላብጣ አየችው። «ከእኔው ይሻላል» አለች። «ግን ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ከሸተተኝ እጮሃለሁ፣ ነገርኩሽ።»

«ጩኺ። እለምንሻለሁ።»

ማክሰኞ 9

ዛሬ ስነቃ ሸተተኝ! የተቃጠለ ጎማ። ብድግ ብዬ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት።

«ጎማ ይሸታል!»

ተነስቶ ምድጃውን፣ ሶኬቱን፣ ደረጃውን ሁሉ አየ። ልብስ ሰፊዋንም ጠየቃት። «ምንም የለም» አለ። እኔን ግን እስከ ረፋድ ሸተተኝ። የባለቤቴን ትከሻ አሸተትኩ፤ ጎማ። ብርቱካን ላጥኩ፤ ጎማ።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ነርቩ መንቃት ሲጀምር እንዲህ ሊያደርግ ይችላል አለ። ዳግመኛ ይችላል። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ? ከሰዓት ጎማውም ጠፋ። ይገርማል፣ ቅር አለኝ።

ዓርብ 12

ሉሁ ወጣ። ሙሉ ትሪ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለበት። መሐንዲሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን ይዘን ተጓተትን። እሱ ተንሸራተተ እንጂ ሉሁ አልተቀደደም። ከነገ ጀምሮ ቀንም ሌትም ነው።

ሐሙስ 18

ካውያ። ካውያ። ካውያ። ባለቤቴ የዕረፍት ቀኑን ከረጢት ሲያጥፍ ዋለ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ አንዱ የጎረቤት ወጥ ነው፣ ሌላው ለመሞከር ነው አለች።

ቅዳሜ 20

አደረስን። የትእዛዙ ግማሽ ነው፤ ሌላኛው ግማሽ በጥቁር ላስቲክ ተሞልቶ አጥሩ ሥር ተደርድሯል። ሳየው አንጀቴን በላኝ። በእኔ ምክንያት ነው።

ባለ ችግኟ ገና በሩ ላይ ስታየን ሠራተኞቿን «ራቅ በሉ!» አለቻቸው፤ ቀልዷን ይሁን የምሯን አልለየሁም። ከክምሩ መሃል አንድ ከረጢት መዝዛ አወጣች። በጥርጣሬ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። መሐንዲሱ ትንፋሹን ያዘ። አሸተተች፤ ገለበጠችው፤ አፍንጫዋን ውስጡ ከትታ አሸተተች።

«ምንም አይሸትም» አለች።

«እስቲ» ብዬ ተቀበልኳት። ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ ሳብኩ። ሁለቱም ይጠብቁኛል።

«እኔንም ምንም» አልኩ።

መሐንዲሱ ልሳቅ ወይስ አልሳቅ እያለ ፊቴን ያያል። እኔ ስጀምር እሱም ለቀቀው፤ ባለ ችግኟ ምን እንዳሳቀን ሳይገባት አብራን ሳቀች። ከጉንፋኑ ወዲህ ከሰው ጋር የተስማማሁበት የመጀመሪያው ሽታ ነው።